አራተኛው ቁልፍ

የቄሰ ገበዝ ይሁኔን አውራ ጣት የትም ባየው አውቀዋለሁ። ጥፍሩ መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ጠቁሯል፤ በልጅነታቸው እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ አግኝቷቸው ነው አሉ። ያን ጣት አንድ ቀን ጭራሽ የማላውቀው ሰው ይዞት በመጣ ወረቀት ላይ ታትሞ አየሁት። ያቺ ቀን እስካሁን አልለቀቀችኝም። ከመጀመሪያው ላውራችሁ፤ ራሴን ለማሳመር ብዬ የምዘለው ነገር አይኖርም።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የተመረቅኩት በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ተቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር እየቆምኩ፣ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የምትለዋን መስመር አንብቤ እመለሳለሁ። "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ "ዌብ ዲዛይነር ነኝ" እላለሁ። አንዷ ጎረቤታችን "እንግዲያ ለመስከረም አንድ ቀሚስ ትሰፊልኛለሽ" ብላኛለች። ችግሬ ግን ሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰው የጀመረውን ንግግር እኔ እጨርስለታለሁ። ሚኒባስ ሳይቆም በሩን እከፍታለሁ። ኢንተርኔት ሲዘገይ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ እደበድባለሁ።

እንዲህ እያለሁ ነው መምህር ሐዲስ የደወሉልኝ። ከይጁቤ ወጣ ብሎ ያለ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱ ስትጨርሱ ይገባችኋል። ወጣት ናቸው፣ መንፈሳዊ ኮሌጅ የተማሩ፣ በስልካቸው ፌስቡክ የሚያዩ። ደብሩ ሥር ቅኔ የሚማሩ ተማሪዎች አሉ። ከዚያ ተምረው በየከተማው የተበተኑ ሰዎች "ዌብሳይት ይከፈትና ጉባኤ ቤቱን እንርዳ" ብለው አድራሻውን ገዝተው፣ ወሬውንም አስቀድመው ፌስቡክ ላይ ለቀውታል። የጠፋው የሚሠራው ሰው ነበር።

"እህቴ ባንቺአምላክ፣ ለንግሡ ይድረስልን" አሉኝ።

ንግሡ አንድ ወር ተኩል ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ያን ዌብሳይት ከሠራሁ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "ይኸው፣ እኔ የሠራሁት" ብዬ ለቀጣሪ የማሳየው ነገር ሊኖረኝ ነው። "ይደርሳል" አልኩ፤ ስልኩን ሳይዘጉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሆነ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። መምህር ሐዲስ፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ጋሽ ስንሻው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ፤ እና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ይሁኔ። ቄሰ ገበዝ ከገባሁ ጀምሮ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ቦርሳዬን ነበር።

ላፕቶፔን ከፍቼ አስረዳኋቸው። ዌብሳይት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሰው የሚያየው ገጽ ነው፣ ሌላው ከጀርባ ያለው፣ ጽሑፍና ፎቶ የሚገባበት ክፍል ነው። የጀርባውን ድሮ በኮድ አንድ በአንድ እንጽፈው ነበር። አሁን ተሠርቶ ያለቀ፣ በነፃ የሚወርድ አለ፤ ሲ ኤም ኤስ ይሉታል። ኮድ የማያውቅ ሰው በፓስዎርድ ገብቶ፣ ጽፎ፣ "ይውጣ" የምትለዋን መጫን ብቻ ነው።

ቄሰ ገበዝ ይሁኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስንት ቁልፍ አለው?"

"ቁልፍ የለውም አባቴ፣ ፓስዎርድ ነው ያለው።"

"እሱስ ምንድር ነው?"

"የምሥጢር ቃል ነው። እሱን የጻፈ ሰው ይገባል።"

"እንግዲያ ቁልፍ ነው። ስንት ነው?"

"አንድ።"

"ማን ይይዘዋል?"

"መምህር ሐዲስ።"

"ብቻቸውን?"

መምህር ሐዲስ ሳቅ አሉ። "ምነው ቄሰ ገበዝ፣ እኔን ይጠረጥራሉ?"

"አዎ" አሉ ቄሰ ገበዝ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

የደብሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። አንዱ ከአስተዳዳሪው፣ አንዱ ከገበዙ፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ዘንድ ነው። አንዱ ታሞ ቢተኛ በሩ አይከፈትም። አንዱ ለቅሶ ቢሄድ፣ እስኪመጣ ይጠበቃል። እኔ ይሄን ስሰማ ሆዴ ውስጥ "ጉድ ፈላ" እያልኩ ነበር። ቄሰ ገበዝ ግን ጨረሱት። "ሦስት ቁልፍ ካለው ይሠራ። ከሌለው ይቅር።"

እዚህ ላይ ሥራዬን ላስረዳችሁ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያወርዳቸው ዎርድፕሬስ፣ ጁምላ፣ ድሩፓል የሚባሉት ነበሩ፤ ሌሎችም ነበሩ። ሦስት ቀን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስለነሱ አነበብኩ። አንደኛው በግማሽ ቀን ተጭኖ፣ ቆንጆ ገጽ ሰጥቶኝ፣ ያልቃል። ሌላኛው ልክ ቄሰ ገበዝ የፈለጉትን ያደርጋል፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ያያል፣ ሦስተኛው ካልፈቀደ አይወጣም። ግን ከባድ ነው። ለመማር ብቻ ሁለት ወር ይፈልጋል። እኔ አንድ ወር ተኩል ነው ያለኝ፤ ትዕግሥቴ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ቀላሉን መረጥኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ለሦስቱ ቁልፍ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አሥራ ሁለት ፊደል ያለው አንድ ፓስዎርድ ፈጠርኩና ሦስት ቦታ ቆረስኩት። አራት አራቱን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ፣ አጣጥፌ፣ ለየሰዉ ሰጠሁ። "ይኸው ሦስት ቁልፍ። ሦስታችሁም ካልተሰበሰባችሁ አይከፈትም" አልኳቸው። ጋሽ ስንሻው "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት!" ብለው አጨበጨቡ። ቄሰ ገበዝ ወረቀታቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ፣ ከዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጋር አሰሩት።

ለሙከራ አንድ ጊዜ ከፈትነው። መምህር ሐዲስ አራት ፊደላቸውን ሲጽፉ ሁለቱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀጥሎ ጋሽ ስንሻው፣ ሌሎቹ ወደ ግድግዳ። ቄሰ ገበዝ ተራቸው ሲደርስ እኔንም "ዙሪ" አሉኝ። ዞርኩ። አንዷን ፊደል ፈልገው እስኪያገኟት ግድግዳው ላይ ያለውን ሥንጥቅ ሁሉ ቆጥሬ ጨረስኩ።

ያልነገርኳቸው ነገር ይሄ ነው። እኔ ሌላ የራሴ መግቢያ ነበረኝ። ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ሦስት ሰው የማያስፈልገው። "ባለሙያ ነኝ፣ ለሥራ ያስፈልገኛል፣ ቢነግሯቸውም አይገባቸውም" ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ከዚያ የፎቶው ነገር መጣ። መምህር ሐዲስ የብራና መጻሕፍቱ በፎቶ ይመዝገቡ አሉ፤ ክፉ ቀን ቢመጣና ቢጠፉ "የኛ ናቸው" ብሎ ለመያዝ። ቄሰ ገበዝ አንድ ሳምንት አሰቡበት። በመጨረሻ "ለመዝገብ ብቻ፤ ማንም እንዳያየው" ብለው ፈቀዱ። ሦስቱ ቁልፎች ተሰበሰቡ፣ በሩ ተከፈተ፣ መጻሕፍቱ አንድ በአንድ ደጃፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ላይ ወጡ። እኔ አልነካሁም። ቄሰ ገበዝ ገጹን በአውራ ጣታቸው ይዘው፣ እኔ ከላይ አነሳሁ። ሥዕል ያለው ትልቁ ብራና ላይ ስንደርስ "ይኸን አባቶቻችን ጫካ ውስጥ ቀብረው ነው ያተረፉት" አሉ። "ቶሎ አንሺ።" ቶሎ የሚለውን ቃል ከሳቸው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፎቶዎቹ ሦስቱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ነበር መግባት የነበረባቸው። ጋሽ ስንሻው ግን ቁይ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። የኔ ፍላሽ ደግሞ ቫይረስ ለምዶበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፌን አንድ ጊዜ በልቶብኛል። ቢጠፉ ሦስቱን ቁልፍ እንደገና ማን ያስከፍትልኛል? በአምስተኛው ቀን ኢንተርኔት ቤት ገባሁና በራሴ መግቢያ ጫንኳቸው። ስማቸውን በችኮላ "ብራና አንድ"፣ "ብራና ሁለት" እያልኩ፣ እጄ ላይ እንደመጡልኝ ቁጥር ሰጠኋቸው። ሥዕል ያለው ሰባተኛ ሆነ። ገጹን "አልወጣም" በሚለው ላይ ተውኩት። ማንም አያየውም ብዬ ወጣሁ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ መምህር ሐዲስ ደወሉ። "እህቴ ባንቺ" የለም፣ ሰላምታ የለም።

"ነይ።"

"ምን ተፈጠረ መምህር?"

"ነይ ብያለሁ። አሁን።"

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሰው ስጠረጥር ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ጋሽ ስንሻውን ጠረጠርኩ፤ ሥራውን ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ቄሰ ገበዝን፤ ከመጀመሪያውም አይወዱኝም። የራሴ መግቢያ ትዝ ስትለኝ ግን ሐሳቤን ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

ደብሩ በር ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። ዛፉ ሥር ሦስቱ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከነሱ ጋር ኮት የለበሰ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው አንድ እንግዳ አለ። ዶክተር እንደሆነና ከአዲስ አበባ እንደመጣ ነገረኝ። የመጣበትን የጥናት ተቋም ስም በአንድ ትንፋሽ ስላወራው አሁን እንኳ ልድገመው ብል አልችልም።

"የሙያ አጋሬ መጣች" አለ ፈገግ ብሎ። እጁን ዘረጋልኝ። ቄሰ ገበዝ እጄ እጁን ሲነካ አዩ።

ጋሽ ስንሻው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ባለቀለም ፎቶ ነው። ትልቁ ብራና፣ ሥዕሉ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ የተሰነጠቀ አውራ ጣት።

"የማን እጅ ነው?" አሉኝ ቄሰ ገበዝ።

"የ... የርስዎ።"

"እንዴት እሱ ዘንድ ሄደ?"

እንግዳው ጣልቃ ገባ። "አባ፣ ነገርኩዎ እኮ፤ ዌብሳይታችሁ ላይ ነው ያገኘሁት። ደብዳቤዬም ይኸው፣ ማህተሙም ይኸው። መጽሐፉን ለሁለት ሳምንት ወስደን፣ በዘመናዊ መሣሪያ ቀድተን፣ አድሰን እንመልሳለን። ዛሬ መመለስ አለብኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው።"

መምህር ሐዲስና ጋሽ ስንሻው ደብዳቤውን ተቀባብለው አይተውታል። ማህተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ አማርኛውም ያምራል። ሁለቱ ቁልፋቸውን ሊሰጡ ልባቸው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ያልተንቀሳቀሱት ቄሰ ገበዝ ብቻ ናቸው።

"ዌብሳይቱ ተከፍቷል?" አሉኝ።

"አልተከፈተም።"

"ፎቶው ገብቶበታል?"

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ።

"ይኸውልሽ ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "ሦስታችሁ ካልተሰበሰባችሁ አይከፈትም ብለሽናል። ፎቶ ከተነሣ ወዲህ ሦስታችን አንድ ቀን አልተሰበሰብንም። ገብቶበታል። እንግዲያ አራተኛ ቁልፍ አለ። ማን ዘንድ ነው?"

ጋሽ ስንሻው ቀስ ብለው ወደ መምህር ሐዲስ ዞሩ። "መምህር፣ ያን ቀን እርስዎም በስልክዎ ሲያነሡ አይቻለሁ።"

"ጋሽ ስንሻው! እኔ?"

"አላልኩም። አይቻለሁ ነው ያልኩት።"

የመምህር ሐዲስ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ሥራውን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ስለኔ የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ መልሱ አፌ ውስጥ እያለ፣ አልተነፈስኩም።

"አንዴ እናውራ?" አለኝ እንግዳው። ከዛፉ ራቅ አደረገኝ። "ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ነው የወጣሽው አይደል? ሽማግሌዎች እንዲህ ናቸው፣ አትጨነቂ። ዌብሳይቱ ችግር ነበረበት፣ ከውጭ ሰው ሰብሮ ገባ በያቸውና ይለፍ። በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ የዌብ ባለሙያ እንፈልጋለን። ሲቪሽን ላኪልኝ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩት። ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው "ሲቪሽን ላኪ" ነው። ሀክ ተደርጓል ብል እዚያ ግቢ ውስጥ ማን ሊያርመኝ? ማንም። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ የማየው ሲጠፋብኝ እሱን አየሁት። ከታች፣ ጠርዙ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር በቀጥታ ሲታተም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፋት ደቃቅ መስመር አለች። አድራሻውን ትናገራለች። አነበብኳት።

አድራሻው የኔን ገጽ አልነበረም የሚለው። ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን ማህደር ነው። ገባኝ። እኔ ገጹን ነው የደበቅኩት። ፎቶዎቹ የተኙበትን ክፍል ግን አልዘጋሁትም፤ ይዘጋ አይዘጋ ብዬም አላየሁም። የዌብሳይቱን አድራሻ የሰማ፣ ትንሽ የሚነካካ ሰው ሁሉ ማህደሩን ከፍቶ ዝርዝሩን በሙሉ ያያል። ቤቱን ቆልፌ ግድግዳውን ረስቼዋለሁ። የሰበረ ማንም የለም። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ በአራተኛ ቁልፌ፣ ከአራት ቀን በላይ መጠበቅ አቅቶኝ።

የመስመሯ ጫፍ ላይ ደግሞ የፋይሉ ስም አለ። ብራና ሰባት።

"ደብዳቤውን ልየው" አልኩ፣ ተመልሼ።

"ምን ያደርግልሻል?" አለ እንግዳው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ዘገየ።

ጋሽ ስንሻው ሰጡኝ። ከላይ ቀኑ አለ፤ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል። መሀሉ ላይ "በደብሩ የሚገኘውንና በቁጥር 7 የተመዘገበውን ሥዕላዊ ብራና" ይላል።

"በናንተ መዝገብ ይሄ መጽሐፍ ስንተኛ ነው?" አልኳቸው።

"አሥራ ሁለተኛ" አሉ ቄሰ ገበዝ። "ሰባተኛው የቅዳሴ መጽሐፍ ነው። ጠይቄው ነበር፤ ቁጥር ይለያያል አለኝ።"

"መቼም ይለያያል" አለ እንግዳው ሰዓቱን እያየ። "የጽሑፍ ስህተት ነው። ጊዜ እያባከንን ነው።"

ነጠላዬን ጨበጥኩ።

"አባቴ፣ አራተኛው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው" አልኩ። "ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረኝ፤ ደብቄያችኋለሁ። ጋሽ ስንሻው ለቅሶ እያሉ ፎቶዎቹን ብቻዬን አስገባሁ። የተቀመጡበትን ክፍል ሳልዘጋ ወጣሁ። መምህር ሐዲስ የሉበትም። ሰባት የሚለውን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ዝም ብዬ በተራ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ይሄን መጽሐፍ ሰባት ያለው ሰው የለም። ደብዳቤው ደግሞ አንድ ወር አልፎታል ይላል።"

ጋሽ ስንሻው የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ ብያችኋለሁ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ቀኑን አዩ፣ ፎቶው ሥር ያለውን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ። "እንዴት ነው ነገሩ?" አሉ እንግዳውን። "ገና ያልወጣ ቁጥር ከየት አመጡት?"

"ጸሐፊዋ ናት የተሳሳተችው። አሁን ደውዬ አጣራላችኋለሁ፤ እዚህ ኔትወርክ የለም" አለ። ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ በሩ ሄደ። መኪናው ሲነሣ ሰማን። አቧራው ብቻ ተመለሰ።

ሌባ ይሁን፣ ወይስ ጸሐፊዋ ቀን የተሳሳተችበት እውነተኛ ዶክተር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደውሎ ግን አላጣራልንም።

መምህር ሐዲስ አላዩኝም። ጋሽ ስንሻው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቄሰ ገበዝ ተነሡ።

"ማርቆስ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?"

"ማን... እርስዎ?"

"ሦስታችንም። አሁን በሩ ክፍት አይደል? እዚህ ቁጭ ብለን ልንቆጣሽ ነው?"

አራታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። ኢንተርኔት ቤቱ ስንገባ ወጣቶቹ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፤ አንዱ የኳስ ቪዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። በየትኛው ልግባ ብዬ ቄሰ ገበዝን አየኋቸው። "በሦስቱ" አሉ። እዚያው ሰው ሁሉ እያየ፣ ተራ በተራ አራት አራት ፊደል ተጻፈ፤ የቀረነው ወደ ግድግዳ ዞርን። ያን ቀን ሥንጥቅ አልቆጠርኩም።

ማህደሩን ከነፎቶዎቹ አጠፋሁ። አድራሻውን እንደገና ጻፍኩት፤ የለም አለ። ከዚያ የራሴን መግቢያ አጠፋሁ።

"ጠፋ?" አሉ ቄሰ ገበዝ ከኋላዬ ቆመው።

"ጠፋ።"

"በይ ግቢበት።"

ሞከርኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። "ቀይ ነው፣ ጥሩ" አሉ። ቀጥለውም "እስካሁን ስንት ሰው አይቶታል?"

"አላውቅም አባቴ።"

"አላውቅም ማለትሽ ጥሩ ነው። መጀመሪያም እንዲህ ብትዪን ኖሮ።"

መናኸሪያው በር ላይ ስሸኛቸው መምህር ሐዲስን ይቅርታ ጠየቅኩ። "አጠገቤ ቆመሽ እኮ ዝም አልሽ" አሉኝ። ይሄን ብቻ። "ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡት" ብዬ ልዞር ስል ቄሰ ገበዝ ጠሩኝ።

"ወዴት ነው? አበላሽተሽ መሄድ አለ እንዴ? ሦስት ቁልፍ ያለው የለም ወይ?"

"አለ። ግን ከባድ ነው። ለንግሡ አይደርስም።"

"ንግሡ በየዓመቱ ነው። ሥሪ።"

"እያመኑኝ ነው አባቴ?"

"ማን አመነሽ?" አሉ። "ስጠረጥርሽ ነበር፣ ነገም እጠረጥርሻለሁ። መምህርንም እጠረጥራለሁ፣ ስንሻውንም። እኔስ? ያ መጽሐፍ ለብቻዬ ቢሰጠኝ፣ ልጄ ቢታመም፣ ቤቴ ቢቃጠል ምን እንደማደርግ አውቃለሁ? አላውቅም። ቁልፉን ሦስት ያደረጉት አባቶች እኮ ራሳቸውን ጠርጥረው ነው።"

ሚኒባሱ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ሚኒባስ ሳይቆም በሩን የሚከፍት ሰው ሳይሆን በሩ እስኪዘጋ የሚጠብቅ ሰው ሆኜ ነበር የቀረሁት።

ሁለት ወር ከአሥር ቀን ፈጀብኝ። ከባዱን ሲስተም ተማርኩት። አንዱ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ያያል፣ ሦስተኛው ካልፈቀደ አይወጣም። ለኔ የቀረኝ መግቢያ ሦስቱ ካልፈቀዱ የማይከፈት ነው። ንግሡ ያለ ዌብሳይት አለፈ። የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር በኋላ ወጣ፣ ርዳታውም መጣ። የብራናዎቹ ፎቶ ግን የለበትም፤ ከፍላሼ ሁለት ሲዲ ላይ ተቀድቶ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀመጠ፣ ከሦስት ቁልፍ በስተጀርባ። መምህር ሐዲስ እንደገና "እህቴ ባንቺ" ያሉኝ ከዓመት በኋላ ነው።

ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ዲፕሎማችሁ ገና ያልደረቀ፣ "እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ያውቃሉ" የምትሉ፤ እኔ አራት ዓመት ተምሬ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ቄሰ ገበዝ ኮምፒውተር ነክተው ሳያውቁ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ጠይቀውኛል። የኔ ጥያቄ "የትኛው ቶሎ ያልቃል?" ነበር። ሰው አትመኑ ልላችሁ አይደለም። እኔ ግን የምሠራውን ነገር ከሁሉ በፊት ከራሴ መጠበቅ እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ችኮላዬን አውቀዋለሁ፤ አሁንም አብሮኝ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ቁልፍ አልሰጠውም።

ዛሬ ሥራ አላጣም። መሥሪያ ቤት ሄጄ ስለ ቀለም፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ሎጎ ሲያወሩኝ እሰማለሁ። ከዚያ "ቁልፉን እነማን ይይዛሉ?" እላለሁ። "አንድ ፓስዎርድ ስጪን፣ ምን ታካብጃለሽ?" ይሉኛል። ይስቃሉ፤ መምህር ሐዲስ ያኔ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሳቅ እንዳሉት። አልቆጣም፣ አረፍተ ነገራቸውንም አልጨርስላቸውም። ላፕቶፔን እዘጋና ሦስት ሰው እስኪመርጡ እጠብቃለሁ።